ጣና ላይ ጀልባ ልትገዙ ነው? ከሞተሩ በፊት ሆዱን እዩት

መካነ ኢየሱስ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ዓሣ ጀልባ ማውራት ቀልድ ይመስላል። እስቴ ሐይቅ የለውም። ያለው ደጋ ነው፤ ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ ከጉና ተራራ የሚወርድ ብርድ ነው። «ጀልባ? እዚህ? በምን ላይ ልትነዱት ነው፣ በጭቃው ላይ?» የሚል ተረበኛ አይጠፋም።

ግን ውኃውን እንከተለው። ጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ ከፋርጣና ከእስቴ ገባሮቹን ሰብስቦ፣ በደራና በፎገራ በኩል አልፎ ጣና ይገባል። ወጣቱም የሚወርደው ወደዚያው ነው፤ በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር። የቀን ሥራ የሚሠራ አለ። ባጃጅ የሚነዳ አለ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠ አለ። አምስት ስድስት ሆኖ ተደራጅቶ፣ ከፀደይ ባንክም ይሁን ከሌላ ቦታ ብድር አግኝቶ «ለምን ጣና ላይ አንሠራም?» የሚልም አለ። ይህች ጽሑፍ በተለይ ለእሱ ናት።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስልክ ነው። አንዱ ጓደኛ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ የአንድ ነጭ የፋይበር ጀልባ ፎቶ ይለጥፋል። ያብረቀርቃል። ኋላው ላይ ትልቅ ሞተር ተሰቅሏል። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ስንት ፈረስ ነው?»

ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። ከሱ በፊት የሚጠየቁ አሉ። ሆዱ ምን ዓይነት ነው? ውኃ ቢሞላው ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል? ዓሣ በማይሠራበት ወር ምን ያደርጋል? ቤንዚን ሲጠፋስ? ጀልባ እንደ ሞተር ሳይክል አይደለም፤ ሲበላሽ መንገድ ዳር አቁማችሁት በእግራችሁ ወደ ቤት አትመለሱም። ብድሩም እንደዚያው ነው፤ ጀልባው ሰመጠ ብሎ ወለዱ አይቆምም።

ስለዚህ ከወዲሁ ልናገረው፦ ጣና ላይ የሚያዋጣው ጀልባ ፈጣኑ አይደለም። ብዙ ዓይነት ሥራ የሚሠራው፣ ትንሽ ቤንዚን የሚጠጣው፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ሰዎቹን ይዞ የሚንሳፈፈው ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ ቀፎው ነው።

መጀመሪያ ሐይቁን እወቁት

ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጥልቅ ግን አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ደግሞ ከ10 ሜትር በታች። እንዲህ ያለ ሰፊና ዝርግ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ማዕበል ፊልም ላይ እንደምናየው የውቅያኖስ ማዕበል ረጅምና ዝግ ያለ አይደለም። አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንዱን ሳትጨርሱ ሁለተኛው ፊታችሁ ላይ ነው። ልምድ ያለው አጥማጅ በማለዳ ወጥቶ ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ የሚወደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዳርቻው ነው። በምሥራቅ፣ ጉማራና ርብ በሚገቡበት በፎገራ በኩል፣ ዳርቻው ዝርግና ጭቃማ ነው። ሌላው ቦታ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃው ሥር አድፍጦ ይጠብቃል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ላይ እምቦጭ ተጨምሮበታል። ለሞተር እምቦጭ ማለት በፕሮፔለሩ ላይ የሚጠመጠም ገመድ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር ለሞተሩ ትልቅ ትርጉም ስላለው ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

እንግዲህ የምንፈልገው ጀልባ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት ማለት ነው፦ አጭር ማዕበል የሚችል፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ የማይተከል፣ ድንጋይ ሲነካው የሚጠገን። የመጨረሻው ላይ ፋይበር ግላስ ጎበዝ ነው። አይዝግም፤ ቢሰነጠቅም ሙጫውና ጨርቁ ካለ እዚያው ዳር ላይ ይለጠፋል። የመኪና መከላከያ በፋይበር የሚጠግኑ የጋራዥ ልጆች ሥራውን በደንብ ያውቁታል።

ታንኳ ያለው፣ ፋይበር የሌለው

ጣና ላይ ለዘመናት የኖረው ጀልባ የደንገል ታንኳ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች በእጃቸው እያሰሩ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ዛሬም ይሠራል። ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይም ይበሰብሳል። ማዕበል ሲመታው ሰው ይጥላል። በታንኳ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ወሬ በጣና ዳር አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ታንኳ አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ በአንድ ጊዜ ዘጭ ብሎ አይሰምጥም። ደንገሉ ራሱ ከውኃ የቀለለ ነው። ቢገለበጥም ላይ ይቀራል፤ ሙጥኝ ብላችሁ ትይዙታላችሁ።

ፋይበር ግላስ እንደዚያ አይደለም። የመስታወት ክርና ሬዚን የሚባለው ሙጫ ተደራርበው የደረቁ ናቸው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ከውኃ ይከብዳሉ። ጀልባው የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ብቻ ነው፤ ልክ ውኃ ላይ እንደተቀመጠ ድስት። ድስቱ ውኃ ከሞላ ጉዞው ወደ ታች ነው። ሞተሩ ኋላው ላይ ስለሚከብድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠልቀው በኋላው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ፎም ነው። ደህና የተሠራ ጀልባ በመቀመጫዎቹ ሥር፣ በጎኖቹ ውስጥና በፊቱ በኩል የታሸገ ፎም አለው። አንድ ሊትር ፎም አንድ ኪሎ ገደማ ክብደት ከውኃ በላይ ይይዛል። ከ300 እስከ 400 ሊትር ፎም ያለው መካከለኛ ጀልባ ውኃ ቢሞላም ሞተሩን ተሸክሞ ይንሳፈፋል፤ ሰዎቹም የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። የፎሙ ዓይነትም ይጠየቅ። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነት ነጭ ፎም ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። የሚፈለገው ውኃ የማይጠጣና ቤንዚን የማያሟሟው ዓይነት ነው።

ከሻጩ ጋር የሚደረገው ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣ ብሩን ከመክፈላችን በፊት ሞተሩን ፈተን፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ ጀልባውን ሞልተን ብናየው ምን ይልዎታል?»

«ኧረ ልጆች! አዲስ ጀልባ ውኃ ይሞላል እንዴ?»

«እሱ ያልሞላ እንደሆን ማዕበሉ ይሞላዋል። ዛሬ ዳር ላይ ብናየው ይሻላል።»

እሺ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ይህችን አንዲት ሙከራ የማትችል ጀልባ የአምስት ቤተሰብ ልጅ አይጫንባትም።

ሆዱ፦ ምጣድ ወይስ ማረሻ?

የጀልባ ሆድ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው። ቆሞ ሲሠራ ብዙ አይወዛወዝም። መረብ ለመጎተት፣ ዳር ለመጠጋት፣ ጭቃማ ቦታ ለመግባት የሚያህለው የለም፤ ትንሽ ሞተርም ይበቃዋል። ማዕበል ሲመጣ ግን ውኃውን በጥፊ እየመታ ይሄዳል። የሰው ወገብ ይጎዳል፣ እየቆየም ራሱን ጀልባውን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው እንደ ማረሻ የሾለ ነው። ማዕበሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በፍጥነት ሲሄድ ምቾቱ ሌላ ነው። ግን ሁለት ዕዳ አለበት። ሲቆም ይወዛወዛል፤ ሦስት ሰው በአንድ ጎን ቆሞ መረብ ሲስብ ያዘነብላል። ደግሞም ወደ ውኃው ጠልቆ ስለሚቀመጥ ፎገራ ዳር ላይ ይተከላል፤ ለመሮጥም ትልቅ ሞተር ይፈልጋል። ይህ ዓይነቱ በብዛት የተሠራው ለጥልቅ ባሕርና ለመዝናኛ ነው።

ሦስተኛው መካከለኛው ነው፦ ፊቱ የሾለ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ቀስ በቀስ የሚዘረጋ። ፊቱ አጭሩን ማዕበል ይከፍላል፤ ኋላው ደግሞ እንደ ምጣዱ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ለጣና፣ በተለይ ዓሣም ጭነትም ሰውም ለሚያመላልስ ሰው፣ የሚስማማው ይሄኛው ነው።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ስልካችሁን አውጡ። ብዙ ስልክ ላይ የግንበኛ ውኃ ልክ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ አፕ አለ፤ ከሌለም በነጻ ይወርዳል። ጀልባው የብስ ላይ ተስተካክሎ በተቀመጠበት፣ ከኋላው በኩል ሆዱ ሥር አንዱ ጎን ላይ ስልኩን አስጠግታችሁ ከአግድም ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል አንብቡ። ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ምጣድ ነው። ከ20 ከበለጠ ማረሻ ነው። ከ10 እስከ 15 መሀል ከሆነ የምትፈልጉት ነው።

በነገራችን ላይ ሌላ ውኃ ሌላ ሆድ ይፈልጋል። ከእስቴ ወዲያ በቀጥታ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ በመጨረሻ የሚያርፈው የሕዳሴ ግድብ በፈጠረው በንጋት ሐይቅ ነው። ግድቡ 145 ሜትር ከፍታ አለው፤ በአጠገቡ ያለው ውኃ ከጣና ጋር የሚወዳደር ጥልቀት አይደለም። ነገ እዚያ መሥራት የሚያስብ ሰው ዛሬ ጣና ላይ የለካውን በጭፍን ይዞ አይሂድ።

ስንት ሜትር ይበቃል?

5 ሜትር ጀልባ ርካሽ ነው፤ ለሁለት ሰውና ለጥቂት መረብ ይበቃል። ግን በአጭር ማዕበል ላይ እንደ ፍየል ይዘላል፤ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል። 9 እና 10 ሜትር ጀልባ ብዙ ይይዛል፤ ግን ትልቅ ሞተር፣ ብዙ ሰው፣ ቋሚ ማቆሚያ ይፈልጋል። አምስት ሆናችሁ ወደ የብስ ልትጎትቱት አትችሉም።

ከ6 እስከ 7 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ገደማ ስፋት፣ ጠርዙ ከውኃው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ የሚል፤ ለጀማሪ ማኅበር ልኩ ይህ ነው። ሦስት አራት ሠራተኛ፣ መረብ፣ ሁለት የበረዶ ሣጥን ይይዛል። ግንድ ሥሩ እያንከባለላችሁ ዳር ታወጡታላችሁ። በመኪና መጫንም ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ተነሥቶ በውኃ ጣና አይደረስም፤ የሚመጣው ጀልባ ሁሉ በየብስ ነው የሚመጣው። ጣና ነሽ 2 ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በተሽከርካሪ ስትጎተት መንገዱ ስንት ጣጣ እንዳመጣ በየስልካችን ስንከታተል ነበር።

በዓለም ዙሪያ ያሉ አነስተኛ አጥማጆችም የደረሱበት ልክ ከዚህ አይርቅም። ከሜክሲኮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ «ፓንጋ» የሚባለው የፋይበር ጀልባ የተስፋፋው ቅንጦት ስላለው አይደለም። ረጅምና ጠበብ ያለ ነው፤ ፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶነቱ ነው ጥቅሙ።

ስለዚህ ቋሚ ጣራና ቋሚ ወንበር የተገጠመለት ጀልባ አያማልላችሁ። ወንበሩ የሚነቀል ይሁን። ወለሉ ዝርግ ይሁን። መረብ በሚጎተትበት ጠርዝ ላይ ብሎን ወይም መንጠቆ እንዳይኖር በእጃችሁ ዳብሱት፤ አንድ የወጣ ብሎን በአንድ ሌሊት ስንት መረብ እንደሚቀድ አጥማጅ ይነግራችኋል።

40 ፈረስ ጣና ላይ ሲደርስ 33 ነው

አሁን ወደ ሞተሩ። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ጣና 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ስድስት ጊዜ ሦስት፣ 18 በመቶ። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 40 ፈረስ የነበረው ባሕር ዳር ሲደርስ 33 ገደማ ነው። 25 የነበረው 20፣ 15 የነበረው 12።

«እንግዲያው ትልቁን እንግዛ» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አስተካክሉ። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ጣና ላይ ማለት ሽቅብ መንገድ በአራተኛ ማርሽ እንደመውጣት ነው። ሞተሩ ያቃስታል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይፈጃል። በአንድ ዙር አጠር ያለ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ግን እንደ ሁለተኛ ማርሽ ይቀለዋል። ሞተር ስትገዙ «ለከፍታ ቦታ የሚሆን ፕሮፔለር አብሮ ይሰጠን» በሉ፤ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

ቀጥሎ ፍጥነት። ውኃውን እየገፋ የሚሄድ 6 ሜትር ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግድግዳ የመሰለ ነገር ይገጥመዋል። ግድግዳው ራሱ የፈጠረው ማዕበል ነው። ያን አልፎ ውኃው ላይ ተንሳፎ ለመሮጥ የሚጠይቀው ጉልበት በብዙ እጥፍ ያድጋል። 40 ፈረስ ሞተር እስከ ጥግ ሲነዳ በሰዓት እስከ 15 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ 15 ፈረሱ 6 ሊትር ገደማ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለአነስተኛ አጥማጆች በሚያዘጋጃቸው መመሪያዎች ላይ ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ቤንዚን ለመቆጠብ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ዝግ ማለት ነው።

ስሌቱን ለራሳችሁ ሥሩት። መረባችሁ ያለው ከማቆሚያው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ዝግ ብሎ የሚሄደው አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በእጥፍ ፍጥነት የሚሮጠው ግማሽ ሰዓት። ያቺ ግማሽ ሰዓት ስንት ሊትር ነው የምታስወጣችሁ? ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ከተማ፣ ሰልፉ ራሱ ስንት ግማሽ ሰዓት ነው?

ስለዚህ ለ6 ሜትር ተኩል ጀልባ ከ15 እስከ 25 ፈረስ በቂ ነው። 40 ፈረስ የሚያስፈልገው በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ወይም ሰው በፍጥነት ለማመላለስ ፈቃድ ላለው ነው። ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለመካኒክ የሚመች ነው፤ ግን ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይትም ይቀላቀልለታል፤ ብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይፈልጋሉ። አራት ምቱ ቆጣቢ ነው፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከፍ ይላል። ከሁለቱም በላይ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህ ሞተር መለዋወጫ ባሕር ዳር ይገኛል? ካልተገኘ ማርካው ምንም ይሁን ምን ተዉት። ከውጭ የሚሰቀል ሞተር ይሁን፤ እምቦጭና ድንጋይ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሣል። መቅዘፊያም ይኑራችሁ፤ ሁልጊዜ።

አሮጌ ከሆነ፦ በሳንቲም፣ በጉልበት፣ በስልክ

ብዙ ማኅበር አዲስ አይገዛም፤ ያገለገለ ነው የሚገዛው። ነጭ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የሚፈተነው እንዲህ ነው።

ሳንቲም ያዙና ሆዱን በየስንዝሩ ኳ ኳ አድርጉ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ድብን ሲል ውስጡ ድርብርቡ ተላቋል ወይም ውኃ ገብቶበታል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ሲበዛ ዋጋው ይቀንሳል፣ ወይ እናንተ ትሄዳላችሁ።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እዩ። ብዙውን ጊዜ በፋይበሩ ውስጥ እንጨት አለ። ሞተሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች በጉልበት ነቅንቁት። ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ እንጨቱ በስብሷል። ይህ ከሁሉ ውዱ ጥገና ነው፤ ሞተር ከነግድግዳው ተገንጥሎ ሐይቅ ሊገባም ይችላል።

ሆዱ ላይ እንደ ብጉር ያበጡ ነጥቦችን ፈልጉ። «ጣና ጨው የለውም፣ ፋይበር አይጎዳም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ውኃ ወደ ፋይበሩ ሰርጎ ብጉር የሚያወጣው ጨው በሌለው ውኃ ላይ እንዲያውም ይፈጥናል። ለዚህም ነው ሥራ በሌለበት ቀን ጀልባ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ ያለበት።

መጨረሻ ላይ ውኃ ላይ ውጡ። በፎቶ አትግዙ፤ በቪዲዮም አትግዙ። የምትጭኑትን ያህል ክብደት ጫኑና ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ ከፍታችሁ ፍጥነቱን እዩ። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል። አንዴ በግማሽ ጋዝ፣ አንዴ በሙሉ ጋዝ። ሻጩ የነገራችሁና ስልኩ ያሳያችሁ ከተለያየ፣ ስልኩን እመኑ።

አንድ ጀልባ፣ ብዙ ሥራ

ጀልባውን በዓሣ ብቻ አስልታችሁ ብድር አትውሰዱ። ዓሣ ወቅት አለው፣ ገበያም ወቅት አለው። በጾም ፈላጊው ይበዛል፤ ጾሙ ሲፈታ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሀል ጀልባው ቆሞ የሚውል ከሆነ ወለዱ ብቻውን ይሮጣል።

መካከለኛው ክፍት ጀልባ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩን ነቅላችሁ እህል፣ ቡና፣ የግንባታ ዕቃ ታመላልሳላችሁ፤ ጣና ዙሪያና ደሴቶቹ ላይ የሚኖረው ሰው የሚገዛውና የሚሸጠው አለው። ከዚህም የሚበልጥ ሥራ አለ፦ ሰብሳቢ መሆን። በታንኳ የሚያጠምዱ አባቶችና ወንድሞች የያዙትን ይዘው ገበያ እስኪደርሱ ዓሣው በፀሐይ ይበላሻል። እናንተ በረዶ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ብትረከቧቸው፣ ዓሣው ባሕር ዳር ትኩስ ይደርሳል። ለእነሱ ቀን ይቆጥባል፣ ለእናንተ ያለ መረብ ገቢ ይሆናል። በሞቃት አገር የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው። የጀልባው ልክ ሲመረጥ ታዲያ የበረዶው ክብደትም ይቆጠር፤ 200 ኪሎ ዓሣ ማለት 400 ኪሎ ጭነት ነው።

ሰው መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለበዓል ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ምእመን ብዙ ነው፤ «አንድ ሰው ብቻ ጨምሩ» የሚል እናት አይጠፋም። ሰው ለማጓጓዝ የዓሣ ፈቃድ አይበቃም፤ የየብስ ውስጥ ውኃ ትራንስፖርት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ካልተገኘ ደግሞ «አይ እማማ፣ በሚቀጥለው እንውሰድዎት» ማለትን ልመዱ። ወቅታዊው ሁኔታም አለ፤ ሐይቁ ላይ መንቀሳቀስ የሚፈቀድበትን ሰዓትና ቦታ ሳታጣሩ አትውጡ።

ጉማራ በነሐሴ

እስካሁን ያወራነው ጀልባው እንዳይሰምጥ ነው። ሥራው ራሱ እንዳይሰምጥስ?

ጣና ላይ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣም አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ከ15 በላይ ዝርያዎች ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም የሉም። በዓለም ላይ እንዲህ በአንድ ሐይቅ ተወልዶ የበዛ የዚህ ወገን ዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበር፤ እዚያ ጠፋ። የቀረው የጣናው ነው።

ከዚህ ዓሣ በርካታው ዝርያ ታዲያ ዕንቁላሉን የሚጥለው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምት ሲበረታ፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰብና ሽቅብ ይወጣል። ከወንዞቹ አንዱ ጉማራ ነው፤ ከእናንተ ደጋ የሚወርደው ጉማራ። ዓሣው ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የወር ገቢ ሊያገኝ ይችላል። የሚያነሣው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ አንዴ ታይቷል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ በፕሮጀክት የገባው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ባደረጉት ጥናት፣ በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከምክንያቶቹ ዋናው ተብሎ የተነሣው በወንዞች አፍ ላይ በመራቢያ ወቅት የሚደረገው ማጥመድ ነው። ጀልባው ራሱ ጥፋተኛ አልነበረም። ጀልባው ያደረገው ታንኳ የማይደርስበት ቦታ መድረስ ነው።

ዓሣ ሀብት በአዋጅ ይተዳደራል፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። የመረብ ቀዳዳ ልክ፣ የተከለከለ ቦታና ወቅት የሚወሰነው በዚያ ነው። ሕጉን የሚያስከብር ሰው ሌሊት በየወንዙ አፍ አይቆምም፤ እሱ እውነት ነው። ግን አስቡት፦ የብድሩ ዘመን ሦስት አራት ዓመት ነው። የዘንድሮው ነሐሴ ላይ የወንዙን አፍ የሚዘጋ ማኅበር በሦስተኛው ዓመት ብድሩን በምን ዓሣ ሊከፍል ነው?

ብዙ ሥራ የሚሠራ ጀልባ ምረጡ ማለቴ በመጨረሻ ለዚህ ነው። ዓሣ ብቻ የሚያውቅ፣ ቤንዚን የሚፈጅ፣ ትልቅ ዕዳ የተሸከመ ጀልባ በነሐሴ ወደ ጉማራ አፍ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ዕዳው ይገፋዋል። ትንሽ ሞተር ያለው፣ ወንበሩ የሚነቀል፣ እህልም በረዶም መጫን የሚችል ጀልባ ግን በነሐሴ ሌላ ሥራ አለው። የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ስትጽፉ እንግዲህ ሦስት ነገር አስገቡ፦ ያለ ጃኬት ማንም አይወጣም፤ ከየወሩ ገቢ ለጥገና የሚቀመጥ ብር አለ፤ በነሐሴና በመስከረም ጉማራ አፍ ላይ መረብ አንጥልም። «ስንት ፈረስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ።